መሪጌታ ልሳነወርቅና መራራው ጽዋ

የእስራኤልን ልጆች በምድረ በዳ የመራ፣ የማራን ውኃ በዕንጨት ያጣፈጠ፣ ለቅጠሉ ኃይልን ለሰውም ልክን የሰጠ እግዚአብሔር ስሙ የተባረከ ይሁን። በእርሱ ፈቃድ ስለ አንድ ወዳጄ ጥቂት ልጽፍ ብዕሬን አንሥቻለሁ።

የመሪጌታ ልሳነወርቅን ዕረፍት የሰማሁት ቅዳሴ ተፈጽሞ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ጫማዬን ስፈልግ ነው። ናዝሬት ያለ የቀድሞ ጎረቤታቸው ደውሎ፣ «አባ፣ መሪጌታ ዐረፉ፤ ዕድሜ ጠግበው ነውና ይጽናኑ» አለኝ። «ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ይደምርልን» ብዬ ስልኩን እንደ ዘጋሁ ሳቅ አመለጠኝ። በዙሪያዬ የነበሩት ምእመናን ደነገጡ። መርዶ ሰምቶ የሚስቅ ቄስ አይተው አያውቁምና አንዲት እናት፣ «አባታችን፣ ምን ነካዎት?» ብለው አማተቡ። ምን ልበላቸው? በዓይነ ኅሊናዬ የመጣብኝ አስከሬን አልነበረም። ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ጠቅልለው፣ እግራቸውን በሚፋጅ ውኃ ዘፍዝፈው፣ የሠለስቱ ደቂቅን ምስጋና የሚያዜሙ አንድ ወፍራም ሰው ነበሩ የመጡብኝ።

መሪጌታ ከመንዝ ወርደው ናዝሬት የከተሙ የድጓ ሊቅ ነበሩ። ደርግ በወንበሩ በተደላደለበት ዘመን እኔ በዚያው ደብር ገና ወጣት ቄስ ነበርሁ። ድምፃቸው ከቅኔ ማኅሌቱ ተነሥቶ አውቶቡስ ተራ ድረስ ይሰማል ይባል ነበር፤ ሆዳቸውም ከድምፃቸው አይተናነስም። ዜማ ሲያስተምሩ ከበሮ ፍለጋ አይቸገሩም፤ በሁለት እጃቸው ሆዳቸውን እየመቱ ምቱን ያሳያሉ። «ከበሮዬ አብሮኝ ስለሚሄድ የዕቃ ቤት ቁልፍ አያሻኝም» ይሉ ነበር።

ያ ከበሮ በከንቱ አልተወጠረም። የናዝሬት ምእመን ደግ ነው። ወሩ በገባ በአምስት የአቦ ዝክር አለ፤ በሰባት የሥላሴ፣ በአሥራ ሁለት የሚካኤል፣ ከዚያም የገብርኤል፣ የማርያም፣ የጊዮርጊስ፣ የመድኃኔ ዓለም እያለ ወሩ ይሞላል። መሪጌታ የማይጠሩበት ማኅበር አልነበረም። ሌላው ሰው ጊዜን በቀን ሲቆጥር እርሳቸው «ከብርቄ ዶሮ ወዲህ ዝናብ አልጣለም» ይላሉ። ብርቄ የምትባለው በገበያ ውስጥ ቅቤና በርበሬ የምትነግድ፣ የሚካኤል ማኅበርተኛ የሆነች ሴት ናት። በእርስዋ ቤት «በቃኝ» ያለ ሰው ቃሉ ተሰምቶለት አያውቅም። አጽዋማትን ግን መሪጌታ አጥብቀው ይጾሙ ነበር፤ ስለ ጾም ሲጠየቁም፣ «ለፋሲካ ቦታ ለማስለቀቅ የተሠራ ነው» ይሉኝና ቅንድባቸውን ወደ ላይ ይሰቅላሉ።

ሕመማቸውን አስቀድማ የደረሰችበት ባለቤታቸው ወይዘሮ አስካለ ናት። መሪጌታ ውኃ መጠጣት አበዙ። «ቄሴ፣ አዋሽን በሙሉ ብጨልጠው ጥሜ አይቆርጥልኝም» ይሉኝ ጀመር። አስካለ ደግሞ ከጓሮ፣ ባለቤትዋ ውኃ ሽንት ከሚሸኑበት ስፍራ፣ ጉንዳን ተሰልፎ አየች። የጉንዳኑን ሰልፍ ተከትላ ምንጩን ባወቀች ጊዜ፣ «መሪጌታ፣ እርስዎን ጉንዳን መርምሮዎታል፤ አሁን ደግሞ ሐኪም ይመርምርዎ» ብላ ወደ ሐኪም ቤት ነዳቻቸው። እኔም አብሬ ሄድሁ።

ሐኪሙ ዶክተር ገመቹ ይባላል፤ ከወለጋ የመጣ፣ ጴንጤ የሆነ፣ ጨዋና ዝግተኛ ወጣት ነበር። መሪጌታ ገና ከበሩ፣ «አካም ጅርታ፣ ልጄ!» አሉት፤ ከገበያ የለቀሟት ኦሮምኛ ይህቺ ነበረች። እርሱም ተነሥቶ ወንበር ሰጣቸው። ደማቸውን አየ፣ ግፊታቸውን ለካ፣ ወገባቸውንም በሜትር ሊለካ ሞክሮ ሜትሩ አልደርስ አለው።

«መሪጌታ» አለ በመጨረሻ፣ «ስኳር አለብዎት። የደም ግፊትም አለ። ሆድዎም ላይ ሞራ ተከማችቷል። እነዚህ ሦስቱ ብዙ ጊዜ ተያይዘው ነው የሚመጡት፤ አንዱ ሌላውን ይጠራል።»

«ገባኝ» አሉ መሪጌታ። «ማኅበርተኞች ናቸዋ! በየተራ ይደግሳሉ።»

«እንደዚያ ቢሉት ይቻላል።»

«ሙሴያቸው ማን ነው?»

ሙሴ ማለት የማኅበር አለቃ ነው። ዶክተሩ ይህን ባያውቅም ጥያቄው ገብቶት፣ ጣቱን ወደ ከበሮው ዘረጋ። ክኒን አዘዘላቸው፤ ጠጁን፣ ቅቤውንና ጮማውን እንዲተዉ፣ በእግራቸውም እንዲሄዱ መከራቸው።

መሪጌታ ክኒኑን ተቀበሉ፤ ምክሩን ግን በሊቅነታቸው ተረጎሙት። ወደ ቤት ስንመለስ ጥላቸውን ዘርግተው እንዲህ አሉኝ፤ «ቄሴ፣ ነገሩ ቀላል ነው። ሕመሙ የመጣው ከጣፋጭ ነው። የጣፋጭ ባላጋራው ማን ነው? መራራ ነው። እንግዲያስ ጣፋጩን መተው ለምን ያስፈልጋል? ከኋላው መራራውን መላክ ይበቃል። ኃጢአት በንስሐ እንዲሠረይ ማርም በግራዋ ይሠረያል።»

«ንስሐ እኮ ዳግመኛ ላለመሥራት ነው» አልኋቸው።

«እርሱ ለደካሞች ነው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታቸው የመድኃኒት ጫካ ሆነ። አብሽ በማለዳ ተዘፍዝፎ ይጠጣል። ጥቁር አዝሙድና ነጭ ሽንኩርት ይወቀጣል። ሬት ይጨመቃል። ከሻሸመኔ የሚመላለሱ የጭነት መኪና ሾፌሮች ከደቡብ የመጣ የሽፈራው ቅጠል በማዳበሪያ ከረጢት ያራግፉላቸዋል። የሁሉ አለቃ ግን ግራዋ ነበር፤ ከየጓሮው ለምነው፣ አድርቀው፣ አፍልተው በእንስራ ያስቀምጡታል። ግራዋን ያልቀመሰ አንባቢ ቢኖር መራራነቱን ልገልጽለት ቃል የለኝም፤ ፊት ወደ ውስጥ ይዞራል ብል ይበቃል። በብርቄ ቤት ሦስት ብርሌ ጠጅ ጠጥተው ወጥተው በመንገድ ዳር ቆመው ከኪሳቸው ጠርሙስ አውጥተው አንድ ጊዜ ሲጨልጡ አይቻለሁ። «ሒሳቡ ተዘጋ» አሉና ጠርሙሱን ከደኑት።

ሒሳቡ ግን አልተዘጋም። ጥቂት ወራት ቆይቶ እግራቸው ይደነዝዝ ጀመር። «ጥጥ የምረግጥ ይመስለኛል» አሉኝ። አንድ ወዳጃቸው ፍል ውኃ ያሟሙቀዋል ብሎ መከራቸውና ከሶደሬ ወዲህ አዋሽ ዳር፣ አጥርም ጠባቂም የሌለበት፣ የአገሬው ሰው የሚነከርበት ፍል ውኃ ዘንድ ወረድን። እኔ ጣቴን አስገብቼ ወዲያው መለስሁት። አንድ ከዝዋይ የመጣ ዓሣ አጥማጅ እግሩን ነክሮ፣ «ኧረ አባቴ!» ብሎ ዘለለ። መሪጌታ ግን ሱሪያቸውን ጠቅልለው ሁለቱንም እግራቸውን ዘፈዘፉና ተረጋግተው ተቀመጡ።

«አያቃጥልዎትም?» አልሁ።

«ምንም!»

ዓሣ አጥማጁ አፉን ከፍቶ አያቸው። መሪጌታም የሰውየውን አድናቆት ባዩ ጊዜ ልባቸው ሞቀ፤ አናንያን፣ አዛርያንና ሚሳኤልን ጠርተው፣ የናቡከደነፆርን እሳት ወቅሰው፣ የሠለስቱ ደቂቅን ምስጋና በግዕዝ ዜማ አነሡ፤ ሆዳቸውንም መቱ። ዓሣ አጥማጁ ወድቆ ጉልበታቸውን ሳመ። ነገሩ ተአምር ነው ወደ ማለት የእኔም ልብ አዘንብሎ ነበር። ወደ ቤት ስንመለስ ግን የቀኝ እግራቸው ቆዳ እንደ ድንች ልጣጭ ተነሣ። እሳቱ ለሠለስቱ ደቂቅ እንደ ራራ አልራራላቸውም፤ እግራቸው ስለደነዘዘ አልሰሙትም እንጂ አቃጥሏቸው ነበር።

ቁስሉ እምቢ አለ። ዶክተር ገመቹ ጨርቁን ፈትቶ ሲያየው ፊቱ ጠቆረ።

«መሪጌታ፣ አልደብቅዎትም። ስኳሩ እንዲህ ከቀጠለ ይህ ቁስል አይድንም። ካልዳነ ወደ ላይ ይወጣል። ወደ ላይ ከወጣ እግሩ ይቆረጣል።»

መሪጌታ መቋሚያቸውን ወደ ደረታቸው አስጠጉ። መሪጌታ ማለት በማኅሌት ፊት ቆሞ የሚመራ ነው፤ በመቋሚያ ተደግፎ ወዲህና ወዲያ የሚያረግድ፣ በጥምቀት ታቦቱን በእግሩ እስከ ባሕረ ጥምቀቱ የሚሸኝ። እርሳቸው ከልጅነታቸው ጀምሮ አንድም ጥምቀት ታቦቱን በእግራቸው ሳይሸኙ ቀርተው አያውቁም።

«ልጄ» አሉት ቀስ ብለው፣ «ጌታን ያለ ዓይን ያመሰገኑ አሉ፤ ያለ እጅም ያመሰገኑ ይኖራሉ። በአንድ እግር ያረገደ ግን አላነበብሁም። ጥምቀት ድረስ ይህን እግር አቆይልኝ።»

«እኔ አላቆየውም፤ እርስዎ ነዎት የሚያቆዩት» አላቸው። «ምን ምን ይወስዳሉ?»

ከአብሽ እስከ ግራዋ ሁሉንም ተናገሩ። ዶክተሩ አልሳቀም። «እነዚህ ቅጠሎች ባዶ አይደሉም» አለ። «አብሽን እንደ ምሳሌ እንውሰድ፤ ሲዘፈዘፍ የሚያዝለገልገው ነገር ስኳር ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት ያዘገያል። በር ላይ እንደሚቆም ዘበኛ ነው። ነገር ግን ዘበኛው አንድ ሰው ቢመጣ ያስቆማል፤ የአብዮት በዓል ሰልፈኛ በሙሉ ቢመጣበት ምን ያደርጋል? እርስዎ በየማኅበሩ የሚልኩበት ሰልፈኛ ነው። አብሹን በልኩ ይጠጡ። ግራዋውን ግን ያቁሙ፤ እርሱም ስኳር የሚያወርድ ኃይል ሊኖረው ስለሚችል ከክኒኑ ጋር ተደምሮ በአንድ ቀን ሊጥልዎት ይችላል። ኃይል ያለው ነገር ሁሉ ልክ ይፈልጋል።»

መሪጌታ እጃቸውን በወንጌል ላይ እንደሚያኖር ሰው በጠረጴዛው ላይ አኑረው፣ «እሺ» አሉ። እውነትም ከዚያ ቀን ወዲህ ግራዋ በአፋቸው አልዞረም። ክኒናቸውን በሰዓቱ ይውጣሉ፣ ጎመንና የገብስ ቂጣ ይበላሉ። ጠላታቸው ሆድ ነው ብለን ነበር፤ እርሱ በእሺታ ተሸነፈ። ያልተሸነፈው የናዝሬት ደግነት ነበር።

ቄስ ወይም መሪጌታ በማኅበር ተቀምጦ ዝክሩን አልቀምስም ቢል ነገሩ ከባለቤቲቱ አልፎ ከጻድቁ ጋር ያጣላል። «ሐኪም ከልክሎኛል» ይሉ ነበር መሪጌታ። «ሐኪሙ ጴንጤ ነው፤ ሚካኤልን የት ያውቀዋል!» ይሏቸዋል። «እግሬ ታሟል።» «እግርዎ እንጂ አፍዎ አልታመመ!» ከዚያም ያቺ ቃል ትመጣለች፤ «በሞቴ!» በሞቴ የተባለ ሰው ምን መውጫ አለው? አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መሪጌታ ፊት ቆመው፣ ጌታችን ፈጽማችሁ አትማሉ እንዳለ ጠቅሰው፣ ምግብን በመሐላ ማስገደድ ኃጢአት መሆኑን አስተማሩ። ሕዝቡ አሜን አለ። ሲወጡም አንዲት ባልቴት እጃቸውን ይዘው፣ «እንዴት ያለ ትምህርት ነው አባቴ! በሞቴ፣ ቤቴ ገብተው አንዲት ጉርሻ ሳይቀምሱማ አይሄዱም» አሉ። በየቤቱ ጥቂት ጥቂት ይጎርሳሉ፤ ጥቂቱ ተጠራቅሞ ቁስሉን ያርሰዋል። ዶክተሩ በየሳምንቱ ራሱን ይነቀንቃል። ጥምቀት ደግሞ እየቀረበ ነው።

በዚህ መካከል የስኳሩ ራሽን ነገር መጣ። በዚያ ዘመን ወንጂ በአፍንጫችን ሥር ሸንኮራ እየታጨደ እኛ ስኳር የምናገኘው በቀበሌው ኅብረት ሱቅ በካርድ ነበር። መሪጌታ ለሐኪማቸው እሺ ስላሉ ወደ ሱቁ ሄደው፣ «የእኔን ድርሻ ልጅ ላላት ሴት ስጡልኝ» አሉ። ሁሉም የሚጋፋበትን ስኳር የሚመልስ ሰው ታይቶ አይታወቅም። የቀበሌው ሊቀመንበር ተጠራ።

«ጓድ መሪጌታ፣ ስኳር የማይፈልጉት ለምንድን ነው?»

«እኔ ዘንድ ሞልቷል፣ ልጄ። ከመጠን በላይ እንዳከማቸሁ ሐኪም መስክሮልኛል።»

ሰልፈኛው ሳቀ፤ ሊቀመንበሩ ግን አልሳቀም። በዚያ ዘመን «አከማቸሁ» የሚል ቃል ወደ ቤት የማይመልስ ቃል ነበር። ከቀትር በኋላ ሁለት አብዮት ጠባቂዎች ጠመንጃ አንግተው መጡ። እኔ ወሬውን ሰምቼ ደርሼ ስለነበር በዓይኔ አይቻለሁ። አልጋ ሥር አዩ፤ ማዳበሪያ ከረጢቱን ፈቱ፤ ቅጠል ሆነ። በመጨረሻ ከጥግ የግራዋውን እንስራ አገኙት። አንደኛው አሸተተ።

«ይህ የተበጠበጠ ስኳር ነው፤ ወይም ድብቅ ጠላ ነው» አለ።

«መድኃኒት ነው» አሉ መሪጌታ። «ሐኪም ከልክሎኝ የተውሁት።»

«መድኃኒት ከሆነ ለምን አልደፉትም? ሐሰት ነው!»

አስካለ ደንግጣ ሳለ ከአፍዋ የወጣላት የለመደችው ቃል ብቻ ነበር። ብርጭቆ ሞልታ ዘረጋችና፣ «ጓድ፣ በሞቴ ይቅመሱት!» አለች።

ሰውየው ጠጣ። ያን ፊት እንዴት ልግለጸው? ጠመንጃው ከትከሻው ተንሸራተተ፤ ዓይኑ እንባ ሞላ፤ ወደ ደጅ ሮጦ የጎረቤት አጥር ይዞ ቆመ። ጓደኛው፣ «እኔ አልጠማኝም» ብሎ ተከተለው። ሪፖርታቸው ምን እንደነበር አላውቅም፤ ሊቀመንበሩ ግን በማግስቱ መሪጌታን ሲያገኝ ከሩቅ ሰላምታ ሰጥቶ መንገድ ለወጠ።

መሪጌታ በዚያን ዕለት ሳጥናቸው ላይ ተቀምጠው የግራዋውን እንስራ ተመለከቱ። ከዚያ ቅንድባቸው ወደ ላይ ወጣ።

«ቄሴ፣ አየህ? ጠመንጃ የያዘን ሰው አንዲት በሞቴ ጣለችው። እኔን በሞቴ ይሉኛል፤ እኔስ ሞት የለኝም?»

የሚቀጥለው የሚካኤል ማኅበር ተራው የብርቄ ነበር። መሪጌታ በአንድ እጃቸው መቋሚያቸውን፣ በሌላው አንድ ጀሪካን ግራዋ ይዘው እያነከሱ ገቡ። ጸሎት ተደረሰ፣ መልአኩ ተዘከረ፣ ማዕዱ ቀረበ። ብርቄ ቅቤው የሚንጠባጠብ፣ ቡጢ የሚያህል ጉርሻ ጠቅልላ መጣች።

«መሪጌታ፣ አፈር ስሆን!»

«ብርቄ፣ እግሬን ያየሽ እንደሆነ ተይኝ።»

«እግርዎ ይድናል፤ ሚካኤል ያውቃል። በሞቴ!»

«በሞትሽ ማልሽብኝ?»

«ማልሁብዎ!»

«እንግዲያው እኔም በሞቴ ልማልብሽ» አሉና ከጀሪካኑ አንድ ጽዋ ሞሉ። «ይህን ካልጠጣሽ እኔ ልሙት። ስትጨርሺ እጎርሳለሁ።»

ማኅበርተኛው ሁሉ አንገቱን አሰገገ። ብርቄ ጽዋውን ተቀበለች። በርበሬ ስትወቅጥ የኖረች ሴት ናት፤ ዓይኗን ሳታሽ ጨለጠችውና ጽዋውን ደፋ አድርጋ አሳየች። «ጠጣሁ። አሁን ይጉረሱ!»

መሪጌታ ተሸነፉ ብዬ ልቤ ወረደ። ቃላቸው ቃል ነውና አፋቸውን ከፈቱ፣ ጎረሱም። ብርቄ ገና ሳይውጡ ሁለተኛውን ጠቀለለች።

«አንድ ጉርሻ ያጣላል፣ በሞቴ ይድገሙ!»

«አንድ ጽዋም ያጣላል፣ በሞቴ ድገሚ!» አሉና ሞሉላት።

ሁለተኛውንም ጠጣች፤ ግን በመካከል አንድ ጊዜ ቆመች። ግንባሯ ላብ አወጣ። አንድ ሽማግሌ፣ «ብርቄ፣ እንዳትረቺ!» ብለው ጮኹ። መሪጌታም ሦስተኛውን ጽዋ ሞልተው በፊትዋ አስቀመጡ። ብርቄ ጽዋውን አየች፤ በእጅዋ ያለውን ጉርሻም አየች። ከንፈርዋ እየተጣመመ፣ «ይህን ነው በየቀኑ ሲጠጡ የኖሩት?» አለች።

«ያንቺን ጠጅ ላወራርድበት።»

ያን ጊዜ ጉርሻውን ወደ ሳሕኑ መለሰችና በፊታቸው ተንበርክካ፣ «እግርዎን ያሳዩኝ» አለች። መሪጌታ ጨርቁን ፈቱ። ቁስሉን አይታ ነጠላዋን ወደ አፍዋ ወሰደች።

«ምነው አልነገሩንም?»

«ነገርኋችሁ። በሞቴ አላችሁኝ።»

ብርቄ አፍዋን በነጠላዋ እንደያዘች አለቀሰች፤ ከመራራነቱ ይሁን ከኀዘን እርስዋም አልለየችውም። ከዚያ ተነሥታ በማኅበርተኛው ፊት ጀሪካኑን አቅፋ፣ «ስሙ! ከዛሬ ጀምሮ መሪጌታን በሞቴ የሚል ሰው ጠቡ ከእኔ ጋር ነው፤ መጀመሪያ ከዚህ ይጠጣል!» ብላ ዐወጀች።

ዐዋጁም ጸና። ብርቄ ግራዋዋን በየማኅበሩ እየያዘች ትገባ ጀመር። እርጉዝና ሕመምተኛ ሲቀር ለማንም አታዳላም፤ «በሞቴ» ያለ ሁሉ ጽዋውን ይቀበላል። የማርያም ማኅበር አለቃ ጠጡ። አዲስ የመጡት የደብሩ አስተዳዳሪ ደንቡን ሳያውቁ «በሞቴ» ብለው እርሳቸውም ጠጡ፤ ከዚያ በኋላ ለሳምንት ያህል ቡራኬ የሚሰጡት ፊታቸውን አጨማድደው ነበር። ጥቂት እየቆየም አስተናጋጆች መሪጌታ ሲገቡ አንድ ሳሕን ጎመንና የገብስ ቂጣ በዝምታ አስቀምጠው ይሸሹ ጀመር። ወደ ማኅበር የሚሄዱትም በእግራቸው ሆነ፤ ብርቄ ጋሪ ነጂዎችን ሁሉ አስጠንቅቃቸው ነበርና የሚጭናቸው አልተገኘም።

አንባቢ ሆይ፣ ቅጠል ብቻ አዳናቸው ብሎ የሚያወራ ቢኖር አትመነው። ክኒናቸውን አንድ ቀን አላስተጓጎሉም፤ ቁስላቸውን በየጊዜው ያሳጥቡ ነበር፤ አብሹንም ሐኪሙ ባለው ልክ ጠጡ። ከበሮውም እየላላ ሄደና ለተማሪዎቻቸው እውነተኛውን ከበሮ ከዕቃ ቤት ማስወጣት ግድ ሆነ።

የጥምቀት ዋዜማ፣ ከተራ፣ ሲቃረብ ወደ ዶክተር ገመቹ አብረን ገባን። እኔ እጄን በመስቀሌ ላይ አኑሬ ነበር። ዶክተሩ ጨርቁን ፈታ፤ እግሩን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረ፤ በጣቱ ዙሪያውን ነካ። ቁስሉ ተዘግቶ አዲስ ቆዳ ለብሶ ነበር። ሐኪሙ እንደ ሕፃን ፈገግ አለ።

«መሪጌታ፣ እግሩ የእርስዎ ነው። ታቦትዎን ይሸኙ።»

መሪጌታ ተነሥተው በሐኪሙ ክፍል መካከል፣ ያለ መቋሚያ፣ አንድ ጊዜ ወዲህ አንድ ጊዜ ወዲያ አረገዱ። አስካለ እልል አለች፤ በኮሪደሩ የነበሩ በሽተኞችም ምን እንደሆነ ሳያውቁ እልል አሉ። ዶክተሩም ብዕሩን ከኪሱ አወጣ።

«አንድ ነገር ይንገሩኝ፤ ለሌሎች በሽተኞቼ ይጠቅማል። ከክኒኑ ሌላ በጣም የረዳዎት የትኛው ነው? አብሹ ነው? ሽፈራው ነው?»

«ግራዋው ነው» አሉ መሪጌታ።

ዶክተሩ ብዕሩን ጣለ። «ግራዋ? እንዳይጠጡ ከልክዬዎት አልነበረም?»

«ከልክለኸኛል፤ እኔም ቃልህን ጠብቄአለሁ። ጠብታ አልቀመስሁም።»

«ታዲያ ማን ጠጣው?»

መሪጌታ ቅንድባቸውን ወደ ላይ ሰቅለው፣ ጫማቸውን በሁለቱም እግራቸው አጠለቁና፣ «ናዝሬት ጠጣችው» አሉት።

ይህን ያነበባችሁ ሁሉ፣ እግዚአብሔር ማዕዳችሁን ይባርክ፣ እግራችሁንም ከዕንቅፋት ይጠብቅ። ለቤታችሁ ሰላምን፣ ለልጆቻችሁ ጤናን፣ በቃኝ ስትሉም ቃላችሁን የሚሰማ ወዳጅና ዘመድ ይስጣችሁ፤ አሜን።